የአንድ ከተማ ስም በአራት አጻጻፍ፦ በአማርኛ ስለ ቴክኖሎጂ መጻፍና የፍለጋ ችግር



በአማርኛ ስለ ቴክኖሎጂ የሚጽፍ ሰው የዕለት ሥራው ማንበብ፣ ቃል መምረጥና ማብራራት ነው። ይህ ሁሉ ድካም ግን ጽሑፉ በፈላጊው ዘንድ ካልተገኘ ከንቱ ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ያተኩራል።

ምሳሌውን ከቅርብ እንውሰድ። የዚህችን ከተማ ስም አንዱ «ሀዋሳ»፣ ሌላው «ሐዋሳ»፣ ሦስተኛው «ሃዋሳ»፣ የቀድሞውን ልማድ የያዘው ደግሞ «አዋሳ» ብሎ ይጽፋል። አንባቢ አራቱንም ያለ ችግር ይረዳል። ኮምፒውተር ግን የሚያነጻጽረው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነው። በዩኒኮድ ለ«ሀ» 4608፣ ለ«ሃ» 4611፣ ለ«ሐ» 4624፣ ለ«አ» 4768 ተሰጥቷል። ስለዚህ ለአማርኛ ያልተዘጋጀ የፍለጋ ፕሮግራም «ሀዋሳ» ተብሎ ሲጠየቅ «ሐዋሳ» የሚለውን አያመጣም።

ጥፋቱ የዩኒኮድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን የቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ይህን አስቀረልን፤ የአጻጻፍ ልማዳችንን አንድ ማድረግ ግን ተግባሩ አይደለም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሞክሼ ፊደላትን መቀነስ ይሻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። ልዩነቱ ከጽሑፉ አንዴ ከተፋቀ ፕሮግራም መልሶ ሊያገኘው አይችልም። የተሻለው መንገድ ጽሑፉን እንዳለ ጠብቆ፣ በፍለጋው ማውጫ ውስጥ ብቻ ሞክሼዎችን እንደ አንድ መቁጠር ነው። እርግጥ ነው፣ ድኅነትን የፈለገ ሰው ድህነትንም አብሮ ያገኛል፤ ይህ ግን ጨርሶ ከማጣት ይሻላል። «አዋሳ»ን ግን ይህ ዘዴ አያስገኝም፤ «አ» እና «ሀ» ሞክሼ አይደሉምና። ለእንዲህ ያለው ስም የተለዋጭ ስሞች ዝርዝር ያስፈልጋል።

ከጸሐፊው የሚጠበቅም አለ። «ኮምፒውተር»፣ «ኮምፒዩተር»፣ «ኮምፒተር» እያሉ በአንድ ገጽ ላይ መቀያየር ፈላጊን ያሳስታል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት፣ ሌላው አጻጻፍ የተለመደ ከሆነም መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይገባል።

ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በአማርኛ ጠይቆ መልስ ያጣ ተማሪ «በቋንቋችን አልተጻፈም» ብሎ ወደ ሌላ ቋንቋ ይሄዳል፤ ጸሐፊውም «አንባቢ የለም» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የለያያቸው አንድ ፊደል ነው። በኮምፒውተር ሳይንስና በቋንቋ ትምህርት ክፍሎች የምትገኙ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናት ርእስ ስትፈልጉ ይህን ክፍተት አስቡት።