ፈትዋ ሰጪው ማሽን

የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ስለነበሩት ስለ ሊቁ ኢብን ዐባስ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሰው መጥቶ ነፍስ ያጠፋ ንስሐ ይኖረው እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ የለውም ብለው አሰናበቱት። ደቀ መዛሙርታቸው ቀድሞ የሰሙት ትምህርት ከዚህ የተለየ ነበርና ምክንያቱን ጠየቁ። ሊቁም ሰውየው በቁጣ ተሞልቶ ሊገድል የተነሣ መስሎ እንደታያቸው ገለጹላቸው። ተከታትለው ቢያጣሩ ነገሩ እንደተባለው ሆኖ ተገኘ ይባላል።

ይህን ታሪክ ያስታወሰን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒውተር ጥበብ ወደ እስልምና ሕግ መዝለቁ ነው። ፈትዋ ሙፍቲ የተባለው የሕግ ሊቅ ለጠያቂው የሚሰጠው መልስ ሲሆን፣ እንደ ዳኛ ፍርድ አስገዳጅ ባይሆንም አማኙ ጾሙንና ሶላቱን፣ ጋብቻውንና ውርሱን የሚያቀናበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዱባይ የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ለጠያቂዎች በማሽን መልስ የሚሰጥ አገልግሎት ጀመረ። ጅምሩ ስለ ሶላት በሚነሡ 200 ያህል ጥያቄዎች የተወሰነ ነበር። በበኩላችን ይህን ቁጥብነት አስተዋይነት እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1895 የተቋቋመው የግብፅ ዳር አል ኢፍታም፣ በዚህ ዘመን ብቁ ሙፍቲ እንዴት ሊታነጽ እንደሚገባ የመከረ ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2025 በካይሮ ጠርቶ ነበር።

ማሽኑ በብዙ ጥራዞች የተበተነውን በቅጽበት ፈልጎ ለሊቁ ሲያቀርብ የማይናቅ ረዳት ነው። ችግሩ የሚመጣው ራሱ መላሽ ሲሆን ነው። ከነቢዩ የተላለፈ ቃል፣ ማለትም ሐዲስ፣ የሚመዘነው ማን ከማን እንደሰማው በሚዘረዝረው የተራኪዎች ሰንሰለት ነው። ቃልን ከቃል እየገመተ የሚያያይዝ ማሽን ግን ያልነበረ ሐዲስ ከነሰንሰለቱ ፈጥሮ ሊያቀርብ ይችላል።

መዝሀብ የሚባሉትን የሕግ ትምህርት ቤቶችም ሊያደባልቅ ይችላል። በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ የሚገኙትን ሻፊዒንና ሐነፊን እንውሰድ። በሻፊዒ የሚስትን እጅ በባዶ እጅ መንካት ውዱእን፣ ማለትም የሶላትን ትጥበት፣ ያፈርሳል፤ ከቁስል የሚፈስ ደም ግን አያፈርስም። በሐነፊ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንግዲህ ደምም የፈሰሰው፣ ሚስቱንም የነካ ሰው ቢጠይቅ፣ ማሽኑ ከሁለቱም ቀላል ቀላሉን መርጦ ውዱእህ ጸንቷል ሊለው ይችላል። የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ግን፣ በየራሳቸው ምክንያት፣ ፈርሷል ይሉታል።

ከሁሉም የሚከብደው የፍቺ ጥያቄ ነው። በቁጣ የፍቺ ቃል የተናገረ ባል ሲቀርብ ሙፍቲው ቃሉን ሰምቶ ብቻ አይመልስም። ቁጣው አእምሮውን አስቶት እንደነበረ፣ ምን ማለቱ እንደነበረ፣ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ይመረምራል፤ ሚስቲቱንም ሊያስጠራት ይችላል። ማሽኑ የሚያገኘው ባልየው የጻፈለትን ጥቂት መስመር ነው።