ያውቁ ኖሯል? ባዶ ሲዲ፣ ራይተርና የመንዝ ደጋ

የመንዟ ሞላሌ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ የሲዲ ራይተርዎን እንደማያስጨንቀው ያውቁ ኖሯል? የሚያስጨንቀው ሃርድ ዲስኩን ነው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው ስስ አየር ተሸክሞት ነው፤ አየር ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ስለዚህም ብዙ አምራቾች የሥራ ወሰኑን 3,048 ሜትር ላይ ያቆሙታል። ራይተር ግን የሚጽፈውም የሚያነበውም በጨረር ነው፤ ሌንሱ ዲስኩን አይነካውም፣ አየርም አይሸከመውም።

ብርዱማ ወዳጅ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ ዲስክን ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማስቀመጥን ይመክራል። መንዝ ይህንን በነፃ ይሰጣል። የሚያስቸግረው የክረምቱ ጉም ነው፤ እርጥበቱ ከ50 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣልና።

በውርጭ ማለዳ ላፕቶፕ ይዘው እሳት የሚነድበት ቤት ከገቡ ሌንሱ ጤዛ ይቋጥራል። ሙቀቱን እስኪለምድ አይክፈቱት።

በእኔ ግምት የመንዝ ራይተር ዋና ጠላት የኩበት ጭስ ነው። እንጨት ብርቅ በሆነበት ደጋ እንጀራው የሚጋገረውም ቤቱ የሚሞቀውም በኩበት ነው፤ ጭሱ ሌንሱ ላይ ቅባት ያለው ስስ ሽፋን ይጥላል፣ አቧራና የባና ብናኝ ደግሞ እዚያው ይለጠፋል። የመንዝ በግ ጸጉር ለባና የተመሰገነ ቢሆንም ኮምፒውተርን በባና መሸፈን አይመከርም። ላስቲክ ይሻላል፤ እሱም ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ።

ሌንሱ የተንጠለጠለው በጣም በቀጠኑ ሽቦዎች መሆኑንስ? ጫን ብለው ከጠረጉት ሚዛኑን ያጣል። መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ያራግፉ። ብሩሽ ያለውን የማጽጃ ሲዲ ግን ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ ቢሞክሩት ይሻላል።

ሲዲ ላይ ይበልጥ የሚያስፈራው ጭረት ከላይ፣ ጽሑፍ ባለበት ፊት ያለው ነው! በታች በኩል ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ይከላከልለታል፤ በላይ በኩል ግን መረጃውን ከጥፍርዎ የሚለየው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ዲቪዲ በዚህ ይሻላል፤ መረጃው በሁለት ባለ 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች መካከል ተቀብሯል። ስለዚህ ሲዲ ላይ በእስክሪፕቶ አይጻፉ፤ ለስላሳ ጫፍ ያለው ማርከር ይጠቀሙ። ሲያጸዱም ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ ዙሪያውን አይደለም።

አሁን ወደ ግዢው። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም የአምራቹ ላይሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? እውነተኛው መታወቂያ ዲስኩ ውስጥ የተቀረጸ ኮድ ነው፤ ኢምግበርን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳይዎታል። ኮዱም ቢሆን አንዳንዴ ይጭበረበራል። እ.ኤ.አ. በ1988 የመጀመሪያውን የሚጻፍበት ሲዲ የሠራው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን በ2015 ከዚህ ሥራ ወጥቷል። ዛሬ መርካቶም ሆነ ደብረ ብርሃን ሱቅ ገብተው “የታይዮ ዩደን ነው፣ ትኩስ ዕቃ” ቢባሉ፣ ወይ የቆየ ዕቃ ነው ወይ የሌላ አምራች። የቆየ ባዶ ዲስክ ደግሞ ተመራጭ አይደለም፤ አምራቾች ራሳቸው ያልተጻፈበትን ዲስክ ዕድሜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይገምቱታል።

ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ፦ ሲዲውን ወደ አምፖል ያንሱት። ብርሃን የሚያሾልኩ ነጠብጣቦች ካዩ ይመልሱት።

ከባለ 50 ዲስኩ ጥቅል አንዱን ጽፈው፣ “ቬሪፋይ” አድርገው፣ በሌላ ማሽን ካላነበቡት የሰርግ ቪዲዮ አይጫኑበት። ርካሹ ዲስክ መኪና ውስጥ ለሚሰማ ዘፈን ይበቃል፤ የሙሽሮቹ ፊት ግን ሁለት ቅጂ ይገባዋል፣ በሁለት የተለያዩ አምራቾች ዲስክ ላይ።

በአጭር በአጭሩ፦

አማርኛ ፊልም በቪሲዲ ይወጣ በነበረ ጊዜ “ሲዲ 1፣ ሲዲ 2” ይሆን የነበረው አንዱ ዲስክ ከ80 ደቂቃ በላይ ስለማይይዝ ነው።

4.7 ጊጋባይት የተባለው ዲቪዲ ኮምፒውተርዎ ላይ 4.38 ቢል አልተጭበረበሩም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው።

በ52 እጥፍ ፍጥነት ሲዲ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የተሰነጠቀ ሲዲ በዚህ ፍጥነት ራይተሩ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

እንደገና የሚጻፍበት ሲዲ ከተራው ያነሰ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች አያነቡትም።

ያለፈቃድ የሚባዛ ዘፈንና ፊልም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል፤ የደራሲው ገንዘባዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው።

በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ አለቀለት። ባትሪው ደህና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ያለ ዩፒኤስ ከሚሠራ ትልቅ ኮምፒውተር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ዲስኩ ውስጥ እያለ መሳቢያው አልከፈት ቢልስ? ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ አግራፍ አቃንተው ቀስ ብለው ይግፉ፤ መሳቢያው ትንሽ ብቅ ሲል በእጅዎ ይሳቡት።