የመጠጥ ልኩ ስንት ነው?

«እኔ ቢራ እንጂ አረቄ አልጠጣም» የሚል ሰው በየግብዣው አይጠፋም። ይህን የሚናገረው ቁጥብነቱን ለማስመስከር ነው። ጉበት ግን የመጠጡን ስም አይጠይቅም፤ የሚደርሰው አልኮሉ ነው።

ታዲያ አልኮሉ በምን ይሰፈራል? የመጠጡን ብዛት በሚሊ ሊትር ይዞ፥ ከመቶ ስንት እጁ አልኮል እንደ ሆነ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ማባዛትና ለ1000 ማካፈል ነው። ውጤቱ እንግሊዞች «ዩኒት» የሚሉት መስፈሪያ ይሆናል፤ አንዱ ዩኒት 10 ሚሊ ሊትር ወይም 8 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። እንግዲህ ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለበት የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 1.65 ዩኒት ነው። ከመቶ 45 እጅ የሆነ አረቄ 40 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መለኪያ ቢቀዳ 1.8 ዩኒት ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በሳምንት ለወንድ 21፥ ለሴት 14 ዩኒት ወስነው ነበር። በ2016 የወጣው መመሪያ ግን መጠጥ ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና ይበልጥ ስለ ታወቀ ለሁለቱም 14 አደረገው። ይህም 8 ጠርሙስ ቢራ ያህል ነው፤ እሱም ቢሆን ለሦስት ወይም ከዚያ ለበለጡ ቀኖች ተከፋፍሎ እንጂ ቅዳሜ ማታ ባንድነት የሚጠጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ፈጽሞ ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ሲል አስታውቋል። ስለዚህ 14 ጉዳትን መቀነሻ ድንበር ነው እንጂ የጤና ዋስትና አይደለም። ለነፍሰ ጡርና መኪና ለሚነዳ ሰው የሚሻለው ጨርሶ አለመጠጣት ነው።

ጉበት በሰዓት የሚያጣራው አንድ ዩኒት ያህል ብቻ ነው። በአጭር ጊዜ 5 ጠርሙስ የጨረሰ ሰው 8 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ቡና መጠጣትና በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ያነቃው እንደ ሆነ ነው እንጂ አልኮሉን አያስወጣለትም። ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ማለዳ መሪ የሚጨብጥ ወይም ፋይል የሚገልጥ ሰው ይህን ያስብ።

በእኛ አገር ሒሳቡን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። ጠላውና ጠጁ ቁጥር አልተጻፈባቸውም፤ ብርታታቸውም እንደ ጠማቂው እጅና እንደ ቆይታቸው ይለያያል። ከዚህም በላይ አስተናጋጁ ብርጭቆው ሳይጎድል እየሞላ «በሞቴ!» ሲል ቁጥሩ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመቀመጥ በፊት ልክን መወሰን፥ እህል መቅመስ፥ የያዙትን ሳይጨርሱ አለማስቀዳት፥ በመካከሉም ውኃ መጠጣት ነው።

ደመወዙን እስከ ሳንቲሙ ቆጥሮ የሚረከብ ወጣት ብርጭቆውን መቁጠር አያቅተውም። «ይበቃኛል፥ እግዜር ይስጥልኝ» ማለትም ጋባዥን ማክበር እንጂ መናቅ አይደለም።