ለጋምቤላ ቆላ የሚስማማ የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ አመራረጥ

የሕዝብን ልማድና የእጅ ሥራ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለሚመዘግብ ተመራማሪ፣ የፊልም ማጠቢያው ምርጫ ለፎቶግራፍ አንሺ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ፊልም ብርሃን ከነካው በኋላም ምስሉ ለዓይን አይታይም። ብርሃን የነካቸውን የብር ጨው ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ለውጦ ምስሉን የሚገልጠው ዴቬሎፐር የሚባለው መድኃኒት ነው። ስለዚህ በኔጋቲቭ ላይ የሚቀረውና የሚጠፋው ነገር በከፊል በዚህ ፈሳሽ ይወሰናል።

የጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይቃረባል። በአካባቢው የሚኖሩት የአኙዋና የኑዌር ሕዝቦች በድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳንም ይገኛሉ፤ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ (እ. ኤ. አ.) ያነሣቸው ፎቶግራፎቻቸው በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይኖራሉ።

በዚህ አገር ለሚያነሣ ሰው ዋናው ችግር የብርሃንና የጥላ ርቀት ነው። በኑዌር ልማድ ወንድ ልጅ ወደ ጎልማሳነት ሲሸጋገር በግንባሩ ላይ ጋር የሚባሉ ስድስት መስመሮች ይበጡ ነበር። ጥቁር ፊት በቀትር ፀሐይ፣ በስተኋላው የሚያበራ ሰማይ ይዞ ሲነሣ፣ የብርሃን መለኪያው በሰማዩ ይታለልና ፊቱ ብርሃን ያንሰዋል፤ መስመሮቹም በጥላው ውስጥ ይጠፋሉ። በጥላው ክፍል ብርሃን ያልነካውን ፊልም የትኛውም ማጠቢያ አያድነውም። ስለዚህ ለጥላው የሚበቃ ብርሃን በማንሻው ጊዜ መሰጠት አለበት፤ ሰማዩና የሚያብረቀርቀው ጨሌ እንዳይታፈኑ የሚጠብቃቸው ግን የአጠባው ልክ ነው።

ማጠቢያዎች በዱቄትም በፈሳሽም ይዘጋጃሉ። ከ1927 (እ. ኤ. አ.) ጀምሮ የታወቀው ዲ-76 ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ከሟሟ በኋላ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በቆላ አስቸጋሪ ነው። የተጠናከረ ፈሳሽ ግን በሚያስፈልገው መጠን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ አንድ ጊዜ ከተሠራበት በኋላም ይደፋል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል።

ሮዲናል በ1891 (እ. ኤ. አ.) በጀርመን የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም በዚህና በሌሎች ስሞች ይሸጣል። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ነቀፌታው ቅንጣትን አጉልቶ ማሳየቱና የፊልሙን ፍጥነት ጥቂት መቀነሱ ነው። ኢልፎርድ የሚያወጣው ዲዲ-ኤክስ በአንጻሩ የፊልሙን ፍጥነት በሙሉ ያስጠብቃል፣ ቅንጣቱም ደቃቅ ነው፤ ሆኖም ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊያልቅ ይገባዋል።

በጥቅል ፊልም ቢሆን ኖሮ ቅንጣቱ ለዲዲ-ኤክስ ያስፈርድ ነበር። 4 በ5 ኢንች የሆነ ሉህ ፊልም ግን ሲታተም እምብዛም ስለማይጎላ የሮዲናል ቅንጣት አያስቸግርም። የፍጥነቱን መቀነስም ብርሃኑን እጥፍ በማድረግ ማካካስ ይቻላል።

ፍርዱን የሚያጸናው ሙቀቱ ነው። ኤችፒ 5 የሚባለው ፊልም በ20 ዲግሪ፣ በዲዲ-ኤክስ አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ 9 ደቂቃ፣ በሮዲናል አንድ እጅ በ25 እጅ ውሃ 6 ደቂቃ፣ አንድ እጅ በ50 እጅ ውሃ ደግሞ 11 ደቂቃ ይጠይቃል። ፈሳሹ 27 ዲግሪ ሲሆን ጊዜው ወደ ግማሽ ገደማ ያጥራል። ከ5 ደቂቃ ያነሰ አጠባ ፊልሙን ያዥጎረጉረዋል። እንግዲህ ዲዲ-ኤክስ በወሰኑ ላይ ሲቆም፣ የቀጠነው ሮዲናል 6 ደቂቃ ያህል ይተዋል። ሆኖም በማቅጠን ሰበብ ለየሉሁ የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን መጉደል የለበትም።

ሙቀት ጊዜን ከማሳጠሩ በላይ የፊልሙን ጄላቲን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። ለቆላ አገር ተብሎ በተቀመመው ዲኬ-15 በሚባለው የኮዳክ ማጠቢያ በአንድ ሊትር 45 ግራም ደረቅ ሶዲየም ሰልፌት የሚገባው ይህን እብጠት ለመግታት ነው። የለሰለሰ ጄላቲን በቀላሉ ስለሚጫር ሉሆችን በአንድ ሣህን ደራርቦ ከማገላበጥ አንድ በአንድ ማጠብ ይሻላል። ማጠቢያው፣ ማቆሚያው፣ ፊክሰሩና የማለቅለቂያው ውሃ ሁሉ እኩል ሙቀት ይኑራቸው፤ ድንገተኛ ልዩነት ጄላቲኑን ያሸበሽበዋል።

ውሃውም አስቀድሞ ይጣራ፤ ክረምት የባሮ ውሃ ደለል ይበዛዋልና። የተጣራውን ውሃ በእንስራ አሳድሮ ከንጋት በፊት ማጠብ፣ በተለይ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወራት፣ ጥቂት ዲግሪ ያተርፋል።

ፊልሙን ሳያጥቡ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ቀላል መንገድ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀትና እርጥበት የተደበቀውን ምስል ቀስ በቀስ ያደበዝዙታል፤ ስሕተትም ቢኖር የሚታወቀው የተነሣው ሰው ከራቀ በኋላ ነው። በስፍራው የታጠበ ኔጋቲቭ ግን እንደ ገና ለማንሣት ጊዜ ይሰጣል። የማጠቢያው ስም፣ የአቀጣጠኑ ልክ፣ ሙቀቱና ደቂቃው ከሥዕሉ መግለጫ ጋር ይጻፉ፤ በኔጋቲቭ ላይ የማይታይ መስመር በፊትም አልነበረም ወይስ በአጠባ ጠፋ ብሎ ኋላ የሚመረምር ሰው መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ጽሑፍ ነው።