ሲጋራ ሊያቆም የተነሣ ሰውና የቡና ጎረቤቶቹ

ቢታ ገነት ላይ ሲጋራ ለማቆም የቆረጠ ሰው ነገሩን ብዙ ቀን ደብቆ መቆየት አይችልም። ከተማዋ የቢታ ወረዳ መቀመጫ ብትሆንም ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ናት። ባለሱቁ የማን ሲጋራ የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ ያውቃል፤ አቦል ላይ የሚሰበሰቡ ጎረቤቶችም ማን ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ ወደ ደጅ ብቅ እንደሚል ያውቃሉ። ወረዳዋ ያለችበት ካፋ ደግሞ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ሰው ብዙ ጊዜውን ጣሪያ ሥር፣ እሳት ዳር፣ አብሮ ያሳልፋል። ይህ መቀራረብ ሲጋራ ለሚያቆም ሰው ጉልበት ሊሆነው ይችላል፤ ሊያደክመውም ይችላል። የትኛው እንደሚሆን በአብዛኛው የሚወስኑት አጠገቡ ያሉት ናቸው። ስለዚህ ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ከራሱ ከአጫሹ ይልቅ ለሚስቱ፣ ለወንድሙ፣ ለሥራ ባልደረባውና ለቡና ጎረቤቱ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በእነዚያ ቀናት የሚታየው ቁጣ የጠባይ ብልሽት አለመሆኑ ነው። ኒኮቲን ጭሱ በተሳበ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ አንጎል ደርሶ የእርካታ ስሜት የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች እንዲለቀቁ ያደርጋል። ስሜቱ ግን አይቆይም። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንጎልም ሌላ ይጠይቃል። ይህን ለዓመታት የለመደ ሰው ድንገት ሲቋረጥበት ይነጫነጫል፣ ይጨነቃል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይርበዋል። የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። በየመሃሉ ሆድ የሚያስብሰው ብርቱ ሐራራ ግን ብዙውን ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ባያጨስም ያልፋል። አጫሹ ይህን ቢሰማም በዚያች ሰዓት አያምነውም። አጠገቡ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ወሬ ለመጀመር፣ እስከ ገበያው ድረስ አብሮ ለመሄድ፣ እንጨት ፈለጣ ለመጋበዝ።

በመድኃኒትም በምክርም ሳይታገዙ በራሳቸው ብርታት ብቻ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ እንደሆኑ ጥናቶች ያሳያሉ። ቁጥሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። እኔ የምረዳው ግን ሌላ ነው፤ ብቻውን ታግሎ የወደቀ ሰው ደካማ ስለሆነ አልወደቀም፤ ብቻውን የሚታገል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል።

የሰው ለሰው ተጽዕኖ ምን ያህል እንደሆነ ጥሩ አድርጎ ያሳየው አሜሪካ ውስጥ በፍራሚንግሃም ከተማ የተካሄደው የልብ ጤና ጥናት ነው። ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1971 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ክትትል የተደረገባቸውን 12,067 ሰዎች መረጃ መርምረው ውጤቱን በ2008 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከባልና ሚስት አንዱ ሲያቆም ሌላው አጫሽ ሆኖ የመቀጠሉ ዕድል በ67 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በጓደኛ 36፣ በትንሽ መሥሪያ ቤት የሥራ ባልደረባ 34፣ በወንድምና እኅት 25 በመቶ ነበር። ሰዎች በተናጠል አያቆሙም፤ እርስ በርስ የተሳሰሩ ቡድኖች አንድ ላይ ያቆማሉ። ከዚያው ጥናት የተገኘው ሌላው ነገር ግን እምብዛም አይነገርም፦ ማጨሳቸውን የቀጠሉት ሰዎች ዓመታት በገፉ ቁጥር ከማኅበራዊ ኑሮው ወደ ዳር እየተገፉ ሄደዋል። ማቆም ከሰው ጋር የሚቀል ከሆነ፣ የተገለለ ሰው ደግሞ ይበልጥ ሊከብደው ነው።

በቡድን ሆኖ መመካከርም ይሠራል። ሙከራዎችን ሰብስቦ የመረመረ ግምገማ እንዳሳየው በቡድን እየተገናኙ የተማከሩ ሰዎች ጽሑፍ ብቻ ተሰጥቷቸው ለብቻቸው ከሞከሩት ይልቅ የማቆም ዕድላቸው ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ዕድርና ዕቁብ ያለው፣ ማኅበር የሚጠጣ፣ ደቦ የሚወጣ ሰው ለሦስት ለአራት ሆኖ አንድ ቀን ቆርጦ አብሮ ማቆምን ለመልመድ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ የሚከታተለው ሰው እንደሚመደብለት በየጤና ጣቢያው የታወቀ ነው። ሲጋራ ለሚያቆም ሰውም እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይበቃዋል።

ነገር ግን መደገፍ ሲባል ምን ዓይነት ድጋፍ? የትዳር ጓደኛን ወይም ወዳጅን «እንዲህ አድርገህ ደግፍ» ብለው ያሠለጠኑ ሙከራዎች ተሰባስበው ሲመረመሩ ግልጽ ውጤት አላሳዩም። ሥልጠናው ቤት ውስጥ ያለውን የንግግር ልማድ ሳይለውጠው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ልማዱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ደግሞ ሼልደን ኮኸንና ኤድዋርድ ሊክተንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይታያል። አጫሹ የማያጨስበትን ጊዜ ለማራዘም የረዳው የማበረታቻው ብዛት ብቻውን አልነበረም፤ ማበረታቻው ከነቀፋው ጋር ሲመዛዘን ምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነበር። በሌላ አነጋገር ጠዋት አይዞህ ብሎ ማታ የሚነዘንዝ ሰው የሰጠውን መልሶ ይወስዳል።

የእኛ አገር ሁኔታ እዚህ ላይ አንድ ችግር ይጨምራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት እንደሚለው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወንዶች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ናቸው። ይህ ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ሆኖም መካሪው ብዙ ጊዜ ሐራራን የማያውቅ ሰው ይሆናል ማለት ነው። የማያውቅ ሰው ምክር ይቀለዋል። «አንተ እኮ ካልፈለግህ ነው!» «ገንዘብህን እያቃጠልክ!» «ለልጆችህ አታስብም?» ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አጫሹ ግን አንዱንም አዲስ አድርጎ አይሰማውም፤ ሳያስበው ያደረ ቀን የለም።

የሚጠቅመው አነጋገር ከዚህ ያጠረ ነው። የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀንዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን ሰምቶ «ጎበዝ!» ቢል በቂ ነው። ሚስት «ደኅና አደርክ ወይ?» ስትል የእንቅልፉን ነገር እየጠየቀች እንደሆነ ቢገባው፣ ሲቆጣም ለጊዜው ብታልፈው፣ ያ ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል። ጓደኛው «በምን ልርዳህ?» ቢለው አንዳንዱ «ስለ ሲጋራ አታንሣብኝ» ይላል፤ እሱም ድጋፍ ነውና ሊከበርለት ይገባል። ኪሱን መፈተሽ፣ አፉን ማሽተት፣ ልጅ ልኮ ማሰለል ግን ሰውየውን መደበቅ ያስተምረዋል። የሚያጨስ ወዳጅ ደግሞ ትልቁ ውለታው አለመጋበዝ ነው። «አንዴ ሳብ አድርግና መልስልኝ» ማለት ቀልድ ይመስላል፤ የብዙ ሰው ውሳኔ የፈረሰው ግን በዚህ ቀልድ ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ ለካፋ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ሌሎቹ፣ ጉበት ካፌይንን ከወትሮው ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። ስለዚህ አጫሽ ብዙ ሲኒ ቢጠጣም ቡናው ቶሎ ከሰውነቱ ይወጣል። ሲጋራ ባቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበቱ ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል። ሰውየው የሚጠጣው ቡና ሳይጨምር በደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ውጤቱም ልብ መምታት፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት ነው። እነዚህ ምልክቶች ከሐራራ ምልክቶች ጋር ይመሳሰላሉና ሰውየው «ሲጋራ ማቆሙ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ያስባል፤ በከፊል ግን ያስቸገረው ጀበናው ነው።

ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቡና በሚፈላበት አገር፣ ያውም እያንዳንዱ ከአቦል እስከ በረካ በሚዘልቅበት፣ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። መፍትሔው ቡና መተው አይደለም፤ ካፋ ላይ እንዲህ ብሎ መምከር ሰሚ አያገኝም፤ ሁለት ልማድ በአንድ ቀን ማስጣልም ጥበብ አይሆንም። የሚጠጣውን በግማሽ መቀነስ፣ በተለይ የማታውን መቀነስ ነው። ችግሩ ቡና የምታፈላዋ ጎረቤት ናት፤ ቶና ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ያስቀይማታል። ስለዚህ ነገሩን እሷ ማወቅ አለባት። አቦሉን ጠጥቶ በቀሪው ቁርሱን ይዞ ቢቀመጥ፣ ሲኒው በግማሽ ቢቀዳለት፣ «ለእርስዎ ቀጠን አድርጌዋለሁ» ብትለው፣ ከማንኛውም ምክር የሚበልጥ ነገር አድርጋለች። ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥም ካፌይን ስላለው ምትክ አድርጎ በብዛት መጠጣት አያዋጣም። ሰውየው ቡና ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ቢለውጥም ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ ሲያጨስ የሚቀመጥበት በር አጠገብ ያለው ዱካ ሐራራውን ራሱ ይቀሰቅሳል።

የዚሁ የጉበት ነገር ሌላ ገጽታ አለው። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቴዎፊሊንም በተመሳሳይ መንገድ የሚወገዱ በመሆናቸው ሲጋራ ሲቆም በደም ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል። እነዚህን የሚወስድ ሰው ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

ጫትና ጠጅ ለየብቻቸው ሊጻፍባቸው ይችላል፤ እዚህ ግን አንድ ነገር ብቻ ልበል። መጠጥ ውሳኔን ያላላል፣ ምርቃናም ሲጋራ ይጠራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጠጅ ቤትና ከጫት መቃሚያ መራቅ ይሻላል፤ ወዳጆቹም «ለምን ጠፋህ?» ብለው ባይወቅሱት ጥሩ ነው። ሌላው ፈተና ሱቅ ነው። ፓኮ ለመግዛት የሚያመነታ ሰው አንድ ፍሬ ለመግዛት አያመነታም፤ ባለሱቁም በዱቤ ይሰጠዋል። ደንበኛው «ብጠይቅህም እንዳትሰጠኝ» ብሎ ቀድሞ ከተናገረውና ባለሱቁ ቃሉን ከጠበቀ፣ ከዚያች ሱቅ የወጣው ትርፍ ከፍሬ ሲጋራ ሽያጭ ይበልጣል።

ሕጉም ከአጫሹ ጎን ሊሆን ይችላል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በማንኛውም የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በአንድ ፓኮ 8 ብር ጥሎ ነበር። ዝናብ ሲጥል ቡና ቤት ውስጥ የሚያጨስን ሰው ባለቤቱ በትሕትና ወደ ውጭ ቢያወጣው የሚጠቀመው ጢሱን የሚተነፍሰው ሌላው ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ከ2 ሳምንት በፊት ያቆመውና ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰውም ነው።

ስለ ማበረታታት ስናወራ የሚዘነጉ ሰዎች አሉ፤ ተደብቀው የሚያጨሱ። ጓዳ ውስጥ ጋያ፣ ማለትም በውኃ የሚሳብ ትምባሆ፣ የምትስብ እናት፣ ከቤተሰቧ ሸሽጋ የምታጨስ ወጣት፣ የአባቱን ቁጣ የሚፈራ ተማሪ። እነዚህን ማን ያበረታታቸው? ማጨሳቸው ሳይታወቅ ማቆማቸው ሊመሰገን አይችልም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚያሸተውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ቅጣቱ ከቀረ ዘመን አለፈው፤ ነውሩ ግን ሴቷ ላይ አሁንም አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው የቡና ጉባኤ አይሆንም። ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል፦ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ ኢማም፣ ወይም አንዲት የልብ ጓደኛ። ረመዳንን የሚጾም አጫሽ ጀንበር እስክትጠልቅ መታገሡን፣ ስለዚህም መቻሉን የሚያስታውሰው ሰው ቢያገኝ ብዙ ነገር ነው።

መድኃኒትም አለ። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቡፕሮፒዮንና ቫረኒክሊን የተባሉ ክኒኖች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ናቸው። ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ሰው እነዚህን ማግኘት ቀላል አይደለም። ቦንጋ ለሌላ ጉዳይ የወረደ ሰው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ጎራ ብሎ ቢጠይቅ አይጎዳም።

በመጨረሻ የሚመጣው የመውደቅ ቀን ነው። ብዙዎች ከመሳካታቸው በፊት ደጋግመው ይሞክራሉ። አንድ ፍሬ ያጨሰ ሰው በዚያ ምሽት ሁለት ነገር ይሰማዋል፤ ኀፍረትና «በቃ አበቃ» የሚል ሐሳብ። ሁለተኛውን ፍሬ የሚያስገዛው ይህ ሐሳብ ነው። የሰማ ሰው «አልኩህ እኮ!» ካለ ጉዳዩ ያልቃል። «የት ነበርክ? ከማን ጋር ነበርክ? ቀድሞ የጠጣኸው ነገር ነበር?» ብሎ ከጠየቀ ግን ሰውየው ራሱ መልሱን እየፈለገ የወደቀበትን ሰዓትና ቦታ ያገኘዋል፤ ለነገም ያንን ሰዓት አብረው እንዴት እንደሚያሳልፉት ይነጋገራሉ። የቆጠራቸው ቀናትም አይሰረዙም፤ 19 ቀን ሳያጨስ ቆይቶ በ20ኛው ያጨሰ ሰው ነገ 21ኛው ቀኑ ነው፤ አንዷ ቀን ብቻ ተበላሽታለች።