ከጉርድ ፎቶግራፍ እስከ ትልቁ ገጽ፦ የሰማዕቶቻችንን ፊት ማን ያቆይልን?

ግሪንቤልት፣ ሜሪላንድ — በግሪንቤልትም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የኢትዮጵያውያን ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ከሳሎኑ በአንዱ ጥግ የሟች ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ ይቆማል፤ አጠገቡ የቤተሰቡ አልበም ይቀመጣል። አልበሙ ሲገለጥ ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ የካርቱሙ ስደት ተራ በተራ ያልፋል። ከመሐሉ ግን አንዳንዴ ጠርዟ የተበላ፣ የማኅተም ቀለም ያረፈባት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቅ ትላለች። «ይሄስ ማነው?» ሲባል ቤቱ ጸጥ ይላል።

ይህች ጉርድ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት ከቀይ ሽብር የተረፈች ብቸኛ ምስል ናት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ የተቃጠለው በራሪ ወረቀትና መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ጓደኛሞች አብረው የተነሱት ፎቶግራፍ ሌላውን ማስያዣ ይሆን ስለነበር፣ የልጆቻቸውን ፊት በገዛ እጃቸው ለእሳት የሰጡ እናቶች ነበሩ። የቀረው ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተላጠው 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ነው።

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይህን የተገነዘበ ይመስላል። በግድግዳው ላይ በረድፍ ከተደረደሩት ፊቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ምስሎች የነበሩ ናቸው። ትልቅ ሲሆኑ ግን «ከሟቾቹ አንዱ» የነበረው ልጅ ሰው ይሆናል። አፍሮው፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ ሊስቅ ሲል የያዘው ከንፈሩ ይታያል።

ይህን በየቤታችን መሥራት እንችላለን። አሜሪካውያን ስክራፕቡክ የሚሉት የትዝታ አልበም ገጹ አብዛኛውን ጊዜ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ፊት በትልቁ ለማኖር ይበቃል። ጉርዱን በ1200 ዲፒአይ ስካን ብናደርገው፣ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋቱ 1400 ገደማ ነጥቦች ይሰጣል። ይህ በ200 ዲፒአይ ሲታተም 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምስል ይወጣዋል። ትልቁን በገጹ መሐል፣ የጉርዱን ቅጂ በልኩ ከጥግ እናድርግ፤ ልጆቻችን ምስሉ ከምን ያህል ወረቀት እንደተነሣ ይዩት።

ዋናው ፎቶግራፍ ግን ሙጫ አይንካው። አሲድ በሌለው ፖስታ ይቀመጥ፤ የሚለጠፈው ቅጂው ይሁን። ብዙዎቻችን ይዘናቸው የመጣነው፣ ገጻቸው ሙጫ ያለውና በፕላስቲክ የሚሸፈኑት የድሮ አልበሞች ፎቶግራፍ ያበላሻሉ። የተጣበቀውን ላለመቅደድ የጥርስ ክር ከሥሩ ቀስ እያሉ ማሳለፍ ይረዳል። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን ለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ ሳይጫኑ ይጻፍ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። ዛሬ የደበዘዘን ፊት «እናጠራለን» የሚሉ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች በየስልኩ አሉ። እነዚህ በምስሉ ውስጥ የሌለውን ከራሳቸው ገምተው ይጨምራሉ። ማሽን የሳለው ዓይን የወንድማችን ዓይን አይደለም። ብዥታው እውነተኛ ከሆነ ብዥታው ይቆይ።

የግሪንቤልት ከተማ ራሷ ስለዚህ ጉዳይ የምታስተምረን አለ። በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በመንግሥት ተገንብታ እ.ኤ.አ. በ1937 ነዋሪዎቿን ተቀበለች። መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎችን ልኮ ተራውን ሰው በጓዳው፣ በገበያው፣ በትምህርት ቤቱ አስነሥቷል። ፎቶግራፎቹ ዛሬ በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ነገር ግን ከተማይቱን በመገንባት የተሳተፉ ጥቁር ሠራተኞች በዚያን ጊዜ እንዲኖሩባት አልተፈቀደላቸውም። እንግዲህ አልበም የሚናገረው በያዘው ብቻ ሳይሆን ባስቀረውም ነው።

የእኛም ሕመም ይኸው ነው። በየሰልፉ የምንሸከመው ትልቅ ፎቶግራፍ የማን ነው? ኢሕአፓ የነበረው የኢሕአፓውን፣ መኢሶን የነበረው የመኢሶኑን ይዞ ይወጣል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተረሸኑት የንጉሡ ባለሥልጣናት ልጆች ለብቻቸው ያለቅሳሉ። በምርጫ 97 ማግስት የተገደሉትን 193 ሰላማዊ ሰዎች የመዘገበው አጣሪ ኮሚሽን ግኝቱን ይፋ ያደረጉት አባላቱ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ነው። የአንዱን ሟች አተልቆ የሌላውን ቆርጦ የሚጥል አልበም፣ ያንኑ የገደለንን አስተሳሰብ ለልጅ ማውረስ ነው።

ጉዳዩ ትዝታ ብቻም አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ለተፈጸመው ግድያ እሸቱ ዓለሙ በሄግ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር። ከ39 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው! ፍትሕ ዘግይቶ ሲመጣ ስም፣ ቀንና ቦታ የያዘ ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ከፊቱ ሥር ሙሉ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የተያዘበትን ቀንና ቀበሌ እንጻፍ፤ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር። እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን በእንግሊዝኛም ይደገም። የሚያውቁት አሁን በሕይወት ያሉት እናቶችና ታላላቆች ናቸው፤ እነሱም እያለፉብን ነው። እነሱ ሲያልፉ በእጃችን የሚቀረው ስም የሌለው ፊት ነው። ስም የሌለውን ፊት ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ቤት ሲያጸዱ ይጥሉታል።

ገዳዮቹ የፈለጉት ሰዎቹ እንዳልነበሩ እንዲሆኑ ነበር። ይህን ምኞታቸውን እኛ በቸልተኝነት አንፈጽምላቸው።

ልቦና ይስጠን።