ዶውጂያንግ

ዶውጂያንግ በቻይና ለቁርስ የሚጠጣ የአኩሪ አተር ወተት ነው። በመንገድ ዳር አብዛኛውን ጊዜ ዮውትያው ከሚባለው በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ ጋር ይቀርባል።

አዘገጃጀት

በቤት ውስጥ ለመሥራት 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር ተለቅሞ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ጠዋት ታጥቦ ከ1 ሊትር ውሃ ጋር በጁስ መፍጫ ይፈጫል፤ በስስ ጨርቅ ተጨምቆ አሠሩ ይለያል፤ ፈሳሹም እየተማሰለ ይፈላል።

ጥንቃቄ

ጥሬ አኩሪ አተር ሳፖኒንና የፕሮቲንን መፈጨት የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች ስላሉት፣ በደንብ ሳይፈላ ቢጠጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊያስከትል ይችላል። ሳፖኒን አረፋ ስለሚያበዛ፣ ፈሳሹ ገና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ የፈላ ይመስላል። ስለዚህ አረፋው ሲነሣ እሳቱ መቀነስ እንጂ መጥፋት የለበትም፤ አረፋው ከጠፋ በኋላም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይንተከተካል።

አቀራረብ

ጣፋጩ በስኳር ይጠጣል። በሻንግሃይ የተለመደው ጨዋማው ዓይነት ግን ኮምጣጤ ስለሚጨመርበት እንደ እርጎ ይረጋል።